ዓይን የሚከፍት እንጉርጉሮ

ባለፈው ወር የግራ ዓይኔ የታችኛው ቆብ መርገብገብ ጀመረ። ሰው የማያየው መስሎኝ ነበር። ከአራብሳ ወደ መገናኛ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ግን ገና ሰሚት ሳንደርስ አዩኝ።

«የላይኛው ነው የታችኛው?» አሉኝ።

«የታችኛው።»

«ታለቅሳለህ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

የላይኛው ሲርገበገብ የሩቅ ሰው ይመጣል፣ የታችኛው ሲርገበገብ እንባ ነው ይባላል። እኔ በዚህ አላምንም። በጠቅላላው የማምንበት ነገር ብዙ አይደለም።

ክሊኒክ ካልሄድክ ብላ አላስቀምጥ ያለችኝ ትልቋ ልጄ ናት። ከሥራዋ አስፈቅዳ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ወሰደችኝ። ወረፋ ይዘን ተቀመጥን። ከፊት ለፊታችን አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት አለች፤ ዓይኖቿ ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል። እንደተኛ ሰው አይደለም። ሳሙና እንደገባበት ሰው ግንባሯ ተጨማዶ፣ ቆቦቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ ነው። ነርሷ ስሟን ስትጠራ ሴትዮዋ ብድግ አለችና ቀስ ብላ አንድ መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረች። ዓይኖቿ ወዲያው ተከፈቱ። ማንም ሳይመራት ሰተት ብላ ገባች።

እኔ ተነስቼ ወጣሁ።

«አባዬ፣ የት ነው? ወረፋችን እኮ ደረሰ» አለች ልጄ።

«አየር ልቀበል ነው።»

በረንዳው ላይ ቆሜ ቁልቁል መንገዱን አየሁት። እኔ የማውቀው መንገድ አልነበረም፤ ሁሉም መስታወት ሆኗል። ግን ከሁለት መንገድ በኋላ፣ በግራ በኩል፣ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ነበር። እዚያ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር።

ያኔ ማንበብ አልችልም። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ላይ፣ አንደኛ ክፍል ከገባችው ከዚህችው ልጄ ጋር በአንድ ደብተር ነው። ስለዚህ አጻጻፌ የጎረበጠው ሰው ይታገሰኝ። ካልታገሰም የራሱ ጉዳይ ነው።

ሕንጻው ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ላይኛው ቢሮ ነበር። የቀን ጥበቃው እኔና ጋሽ ተሰማ ነበርን። እሳቸው የፊት ለፊቱን በር፣ እኔ የኋላውን የመኪና መግቢያ እንጠብቃለን። ጋሽ ተሰማ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ገበሬ፣ ቀጥሎ ወታደር፣ ቀጥሎ ዘበኛ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ አልነበራቸውም። ከሕንጻው ጀርባ በብሎኬት የተሠራች ቆርቆሮ ክዳን አንዲት ክፍል ነበረች፤ ለነባሩ ዘበኛ የምትሰጥ። እሳቸው እዚያ ይኖራሉ። እኔ ገርጂ ውስጥ ከአራት የቀን ሠራተኞች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ እግሬን አጥፌ ነበር የማድረው።

ምሳ አብረን እንበላለን። ከሕንጻው ጀርባ በላስቲክ በተከለለች ቤት ሽሮ ይሸጥ ነበር። ጋሽ ተሰማ ቃሪያውን በጥፍራቸው ሰንጥቀው ፍሬውን እፍ ይሉና ትልቁን ግማሽ ወደ እኔ ያስጠጉታል። እሳቸው ቃሪያ አይወዱም ብዬ ለረጅም ጊዜ አስቤ ነበር። ይወዳሉ።

የዓይናቸውን ነገር ያወቅሁት በየካቲት ነው። መንገዱ እየተሠራ ስለነበር ነፋሱ ቀይ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ፀሐይዋም ቆርቆሮ ላይ ነጥራ ፊት ላይ ታርፋለች። እንዲህ ባለ ቀን ይብስባቸዋል። አንድ ቀን ውሃ ላመጣላቸው ብሄድ ቆመው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ዓይናቸው ተከድኗል።

«ጋሽ ተሰማ፣ ተኙ እንዴ?»

«አልተኛሁም። ዓይኔ እምቢ ብሎኝ ነው።»

«ዓይን ደግሞ እንዴት ነው እምቢ የሚል?»

«ባለቤቱ አንተ አይደለህም ይለኛላ። ቆይ፣ ጣትህን አንሳ። እንዳትነግረኝ።»

ሦስት ጣት አነሳሁ። ጋሽ ተሰማ ቃል የሌለው ዝቅ ያለ ዜማ ማንጎራጎር ጀመሩ። ቆቦቻቸው ሁለት ሦስት ጊዜ እርግብግብ አሉና ተከፈቱ። «ሦስት» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ዝም ሲሉ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ጭፍን አለ።

ይህን ያወቁት በአጋጣሚ ነው፤ ልብስ እያጠቡ ሲያንጎራጉሩ ዓይናቸው እንደተገለጠ አስተዋሉ። ሲያወሩም ይገለጣል። ጠበል ሁለት ሳምንት ተጠምቀዋል፣ ዳማከሴ አሽተውበታል፣ ምንም አልሆነላቸውም። ሐኪም ጋ ለምን አይሄዱም ስላቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ሐኪሙ ዓይኑ የማይከፈት ዘበኛ ነህ ብሎ ወረቀት ቢጽፍልኝስ? ወረቀቱን ለአሠሪዬ ወስጄ ልስጠው?» ከዚያ ሳቃቸውን ትተው ክንዴን ያዙኝ። «ለማንም እንዳትናገር። ይሄ በር ከሄደ ክፍሉም ሄደ። እኔ ሌላ የምገባበት የለኝም።»

አልናገርም አልኳቸው።

ስለዚህ ጋሽ ተሰማ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉሩ ነበር። ሰው ሲገባ ሲወጣ ዜማቸውን ሳያቋርጡ እጅ ይነሳሉ። ማንንም አላስቸገሩም። አንዳንዱ እንዲያውም ይወደው ነበር። ሁለተኛ ፎቅ አዲስ ቢሮ የተከራዩ ሰዎች ግን ለሕንጻው ኃላፊ ስሞታ አቀረቡ። ኃላፊው የባለቤቱ የእህት ልጅ፣ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነበር። ወርዶ መጣ።

«ጋሽ ተሰማ፣ ይሄ ለቅሶ ቤት አይደለም፤ ሰዎች ሥራ ይሠራሉ። ዜማውን ይተዉልን።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፃቸውን አጠፉ። ዓይናቸው ግን መከፈት አለበት። ስለዚህ ዜማውን ወደ ውስጥ አስገብተው በከንፈራቸው ብቻ ያነበንቡት ጀመር። ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ከዚያ ዓይናቸው ቦግ ይላል። እኔ የማውቀውን የማያውቅ ሰው ሲያያቸው ምን እንደሚመስሉ አሁን ይገባኛል። ያኔም ገብቶኛል።

በሩ ፊት ለፊት፣ እዚያው ምድር ቤት፣ ቬሎ የሚያከራዩ እትዬ አልማዝ ሱቅ ነበራቸው። ፋሲካ አልፎ የሠርግ ወቅት ሲገባ ሱቃቸው በሙሽሮች ይሞላ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ከመንገዱ ማዶ ሁለት እጥፍ የሚሆን ሱቅ ተከፈተና ሙሽራው ሁሉ ወደዚያ ተሻገረ። ሰው ደግሞ ማዶ ካለ ተፎካካሪ ይልቅ ደጁ ላይ የቆመውን መጠርጠር ይቀለዋል። አንድ ቀን ጠሩኝ።

«አንተ፣ ይሄ ሽማግሌ ምንድነው የሚለው?»

«የቱ?»

«የቱ ትለኛለህ? ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ሱቄ ዞሮ ያነበንባል። ሲጨርስ ዓይኑን ያፈጥብኛል። ድሮ ደብተራ ነበር እንዴ?»

«ወታደር ነበሩ።»

«ወታደርማ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው።»

የሱቁ ሠራተኛ ልጅ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። በሳምንቱ ካውያ አንድ ቬሎ አቃጠለ። ከዚያ አንዲት ሙሽራ ደረጃው ላይ ተንሸራታ እግሯ ወለም አለ። ሳቁ ቀረ። ዘበኛው ይደግምብናል የሚለው ወሬ ፎቅ ለፎቅ ወጣ። ጠዋት ጠዋት የሱቁ ደፍ ላይ ጠበል ተረጭቶ አገኘዋለሁ። ተከራዮቹ በፊት ለፊት መግባት ትተው በእኔ በር መግባት ጀመሩ። ጋሽ ተሰማ ሰው የማይገባበት በር ላይ ቆመው ይውላሉ።

«ምን አጠፋሁ እንዴ? ሰላምታዬን የሚመልስ ጠፋ» አሉኝ አንድ ቀን ምሳ ላይ።

«ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» አልኳቸው።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። የሺን የምወዳት ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ነው። ከታላቅ ወንድሟ ጋር ኮተቤ ትኖር ነበር። በፋሲካ ሰሞን ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። ወንድምየው በደንብ ተቀብሎ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው፦ «የት ነው የሚያስገባት?» ክፍሌ አምስት ወንድ የሚያድርበት እንደሆነ ያውቃል። «ከክረምት በፊት ቤት ካገኘ ይምጣ» አለ። አንድ እህል ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክ እየተዘጋጀ እንደሆነም አልደበቀም። ሰውየው ቤት ነበረው።

ኃላፊው ቢሮው ያስጠራኝ በግንቦት መጨረሻ ነው። ወንበር ሰጠኝ። ከዚያ በፊት ማንም ሰው በዚያ ሕንጻ ውስጥ ወንበር ሰጥቶኝ አያውቅም።

«እኔ በዚህ ዓይነት ነገር አላምንም» አለ። «ግን ሦስት ተከራይ እንወጣለን እያለኝ ነው። አንተ ከሳቸው ጋር ነው የምትውለው። ምንድነው የሚያነበንቡት? ንገረኝና ልገላገል።»

ልገላገል ነው ያለኝ። የፈለገው ለተከራዮቹ የሚነግራቸው አንድ ምክንያት ነበር። ዓይናቸውን ስለሚያማቸው ነው፣ ሲያንጎራጉሩ ይከፈትላቸዋል ብዬ ብነግረው ያበቃ ነበር። ምስጢር አደራ ስለተሰጠኝ ዝም አልኩ ብዬ ለራሴ ልነግረው ሞክሬ አውቃለሁ። ውሸት ነው። ከቢሮው መስኮት ወደ ታች የጋሽ ተሰማ ክፍል ቆርቆሮ ይታያል። እሱን እያየሁ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ።

«ጸሎት ነው?»

«እንጃ።»

«ሥራ ላይ ተኝተው አይተህ ታውቃለህ?»

«ዓይናቸው ተዘግቶ አይቻለሁ።»

ሲጽፍ አየሁት። የሚጽፈውን ግን ማንበብ አልችልም።

በሦስተኛው ቀን ለጋሽ ተሰማ ደብዳቤ መጣ። እሳቸውም እኔም አናነብም። ለዘበኞቹ ሁሉ የምታነብልን የእትዬ አልማዝ ሠራተኛ፣ ያችው ልጅ ነበረች። ጋሽ ተሰማ «ና፣ አብረን እንስማ» አሉኝ፤ የደመወዝ ጭማሪ መስሏቸው ነበር። ልጅቱ ወረቀቱን ዘርግታ ማንበብ ጀመረች። በሥራ ሰዓት ዓይናቸውን ጨፍነው በመገኘታቸው፣ ተከራይን የሚያስፈራ ነገር በማነብነባቸው፣ ይህንንም አብሯቸው የሚሠራው ጥበቃ ተጠይቆ ያረጋገጠ በመሆኑ... እዚህ ላይ ቆመችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ጨርሺው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ጨረሰችው። ከሥራ ተሰናብተው እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍሉን እንዲለቁ ይላል።

«አብሯቸው የሚሠራው ላይ ስም ተጽፏል?» አልኳት።

«ስም የለውም።»

ሁለት ነን፤ ስም አያስፈልግም። ጋሽ ተሰማ ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ዓይናቸው ተዘግቶ ነበር። እስኪያንጎራጉሩ ጠበቅሁ። አላንጎራጎሩም። ክንዳቸውን ልይዝ ስጠጋ በእጃቸው መለስ አደረጉኝና «ተወኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» አሉ። ይህን ሲሉ ቆቦቻቸው እርግብግብ ብለው ተከፈቱ፤ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ከዚያ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ቢያንጎራጉሩ ኖሮ ያዩኝ ነበር። የወሩን መጨረሻ አልጠበቁም። በማግስቱ ጠዋት ፍራሻቸውን ጠቅልለው፣ ክፍሉን ጠርገው፣ ቁልፉን በሩ ላይ ትተው ሄደዋል። ክፍሉ ለእኔ ተሰጠኝ።

ሐምሌ ላይ፣ በጾም መካከል ባለችው ክፍተት፣ በዝናብ ተጋባን። እትዬ አልማዝ ለየሺ ቬሎ በነጻ ሰጡ። በሱ የተነሳነው ፎቶ እስካሁን ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። እኔ ምን ዓይነት ክፍያ እንደሆነ ስለማውቅ ከሱ ፊት ለፊት አልቀመጥም።

በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ፣ የሺ ነፍሰ ጡር ሆና ወሯ ሲገባ፣ ገርጂ አካባቢ ወዳለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ለወርሃዊ በዓል ሄድኩ። ከቅጥሩ ውጭ ነዳያን ተደርድረዋል፤ ሁሉም ይጣራል። አንድ ሰው ብቻ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጋሽ ተሰማ ነበሩ። የተቀመጡት ከማየት ከተሳናቸው መካከል ነው፤ ዓይኑ የተጨፈነ ሰው ሌላ ቦታ እንዲቀመጥ አይፈቀድለትም። ዝም ያሉትም ለምን እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ምዕመን የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለ እግዚአብሔር ብለው አፋቸውን ቢከፍቱ ዓይናቸውም ይከፈታል።

አልፌ መሄድ እችል ነበር። ጎንበስ ብዬ መዳፋቸው ላይ ጥቂት ሳንቲም አስቀመጥኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፤ ዓይናቸው እርግብግብ አለና ተከፈተ። አዩኝ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ ተሰማ።»

«አገባህ አሉ።»

«አዎ። ልትወልድ ነው።»

ሳንቲሙን ኪሳቸው ከተቱት። «ያ ክፍል በበሩ በኩል ያፈሳል። ሚስማሩ ላልቶ ነው። ቅጥራን ቀባው፤ ለአራስ ብርድ ጥሩ አይደለም።»

አጠገባቸው የተቀመጠ ዓይነ ስውር ይሰማ ነበር። የሚመራውን ልጅ በክርኑ ጎሰመው። «ያያል ነው የምትለኝ?» አለ። ከዚያ ጮክ ብሎ፦ «ሰውዬ፣ ታያለህ እንዴ?»

ጋሽ ተሰማ አፋቸውን ገጠሙ። ዓይናቸው ተዘጋ። ከወዲያም ከወዲህም ሌሎች «ማነው የሚያይ?» ማለት ጀመሩ። ቆሜ ላስረዳቸው እችል ነበር። ይህ በሽታ ነው፣ እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው፣ እኔ ምስክር ነኝ ማለት ይበቃ ነበር። ሰው ያየኛል ብዬ ሄድኩ። በመንገዴ ቅጥራን ገዝቼ፣ እቤት እንደደረስኩ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ልጄ የተወለደችው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ጠብታ አልነካትም።

ወደ ክሊኒኩ ልመለስ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ዓይኔን አይታ ድካም ነው፣ እንቅልፍ ያብዙ፣ ቡና ይቀንሱ አለችኝ። ተነስቼ ልወጣ ስል ጠየቅኋት።

«ዶክተር፣ የሰው ዓይን በእንጉርጉሮ ይከፈታል?»

«ለአንዳንዶቹ ይከፈታል» አለች፣ ምንም ሳይገርማት። «ሲያወሩ፣ ሲዘምሩ፣ ቅንድባቸውን ሲነኩ። ዓይናቸው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ቆቡን የሚያዘው ነርቭ ላይ ነው። አሁን መርፌ አለው። ለምን ጠየቁኝ?»

«ድሮ አብሮኝ የሠራ ሰው ነበር።»

እነዚያን ሁሉ ዓመታት አንዲት መጽናኛ ነበረችኝ። ምናልባት በእርግጥ ይደግሙ ኖሮ ይሆናል፤ እኔ ምን አውቄ፣ እላለሁ። በገዛ ዓይኔ አይቼ፣ ሦስት ጣት አንስቼ፣ እንዲህ እል ነበር። ሐኪሟ በአንድ ደቂቃ ወሰደችብኝ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ለየሺ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ቀና አላለችም።

«ጋሽ ተሰማን ነው?» አለች።

ስማቸውን አልጠራሁላትም ነበር። ሽማግሌው እያልኩ ነው ያወራኋት።

«ታውቂያቸዋለሽ?»

«የሱቋ ልጅ ቬሎውን ስትለካኝ ነገረችኝ።»

«ከሠርጉ በፊት?»

«ከሠርጉ በፊት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ክፍሉን እኔም ፈልጌው ነበራ» አለች። «እህል ነጋዴው ሊወስደኝ አልነበር?»

ከዚያ የቀረውን ነገረችኝ። ልጃችን ሰማንያ ቀኗ ሲሆን ክርስትና ያስነሳናት እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ይለምናሉ ሲባል ሰምታ ኖሮ፣ ዘበኛ የነበሩ ዓይናቸው የሚጨፈን ሽማግሌ ብላ ጠይቃ አገኘቻቸው። ተባረው ከዓይነ ስውሮቹ ራቅ ብለው፣ ከቅጥሩ ጥግ ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር። ከዚያ በኋላ በየወሩ ዳቦ ትወስድላቸው ነበር። ማን እንደሆነች አልነገረቻቸውም። «መዳፋቸው ላይ አስቀምጥና ቶሎ እሄዳለሁ» አለች። «እንደ መጀመሪያው ቀን ካመሰገኑኝ ዓይናቸው ይገለጣል፣ ከዚያ ደግሞ ሰው ይሰድባቸዋል።» ሦስት ዓመት እንዲህ አደረገች። አንድ ክረምት ስትሄድ ቦታው ባዶ ነበር። ሞተዋል፣ ወገን ስላልመጣ ማዘጋጃ ቤት ነው የቀበራቸው አሏት። ያን ቀን እቤት መጥታ እራት አቀረበችልኝ። በላሁ። ምንም አላየሁባትም።

አሁን እራት ላይ አልፎ አልፎ እናነሳቸዋለን። እሷ ራቅ ብላ ቆማ ያየችውን ትነግረኛለች። ዳቦውን ገምሰው ግማሹን ለማን እንደሚሰጡ፣ በክረምት የማዳበሪያ ከረጢት እግራቸው ላይ እንዴት እንደሚጠቀልሉ ትነግረኛለች። እኔ እሰማለሁ። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ቆሜ ከማውቀው ይልቅ፣ እሷ አንድ ቃል ሳትለዋወጥ ያወቀችው ይበልጣል። የት እንደተቀበሩ ግን እሷም አታውቅም። ጠይቃ ነበር፤ የሚያውቅ ሰው አላገኘችም።